የሜሞሪ ቅደም ተከተልና የሁኔታ ጥገኝነት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በሲ፣ በሲ++ ወይም በመሰል ቋንቋ ሎክ ሳይጠቀሙ በትሬዶች መካከል ዳታ ለሚያስተላልፉ ፕሮግራመሮች የተዘጋጀ ነው። በዋናነት የሚያተኩረው ብዙዎች በሚሳሳቱበት አንድ እምነት ላይ ነው፤ ይኸውም «በኢፍ ካረጋገጥኩ በኋላ የጻፍኩት ሥራ ከማረጋገጫው ሊቀድም አይችልም» የሚለው ነው። እምነቱ ለጽሕፈት እውነት ነው፣ ለንባብ ግን ሐሰት ነው፤ ለጽሕፈትም ቢሆን ኮምፓይለሩ ካልተባበረ አይጸናም። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጻፍኩት ኮድ በጻፍኩበት ቅደም ተከተል አይፈጸምም ማለት ነው?

ኮዱን ለሚያስኬደው ትሬድ ለራሱ ሁሉም ነገር በተጻፈበት ቅደም ተከተል የተፈጸመ ይመስለዋል፤ ኮምፓይለሩም ሆነ ፕሮሰሰሩ ቃል የገቡት ይህን ብቻ ነው። በሌላ ኮር ላይ ሆኖ ያንኑ ሜሞሪ ለሚያነብ ትሬድ ግን የተገባ ቃል የለም። ሌስሊ ላምፖርት በ1979 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ሲኩዌንሻል ኮንሲስተንሲ ብሎ የሰየመው ሥርዓት፣ የሁሉም ፕሮሰሰሮች ሥራ በአንድ ሰልፍ ተራ በተራ የተፈጸመ ያህል ሆኖ እንዲታይ፣ በሰልፉም ውስጥ የእያንዳንዱ ፕሮሰሰር ትእዛዞች የፕሮግራሙን ቅደም ተከተል እንደጠበቁ እንዲቆዩ ይጠይቃል። አብዛኞቻችን ኮድ ስንጽፍ በአእምሯችን የምንይዘው ሥዕል ይህ ነው፤ ዛሬ በሰፊው የምንጠቀምባቸው ፕሮሰሰሮች ግን ለተራ ንባብና ጽሕፈት ይህን አያሟሉም።

ምክንያቱ ፍጥነት ነው። አንድን ዋጋ ከዋናው ሜሞሪ ለማምጣት ወደ 100 ናኖሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ ይህም በ3 ጊጋኸርዝ ለሚሠራ ኮር 300 ያህል የሰዓት ምት ነው። ኮሩ ያን ሁሉ ጊዜ እጁን አጣጥፎ ከመጠበቅ ይልቅ ከኋላ ያሉትን ትእዛዞች ያስቀድማል። የሚጽፈውንም ዋጋ ወዲያው ካሽ (ለኮሩ ቅርብ የሆነ ፈጣን ሜሞሪ) ውስጥ አያስገባውም፤ ስቶር በፈር በሚባል የግል ማቆያ ውስጥ አኑሮት ሥራውን ይቀጥላል። በማቆያው ያለውን ዋጋ የጻፈው ኮር ራሱ ያየዋል፣ ሌሎቹ ኮሮች ግን ገና አያዩትም።

ቅደም ተከተሉን የሚቀይረው ኮምፓይለሩ ነው ወይስ ፕሮሰሰሩ?

ሁለቱም ናቸው፤ አንዱን መግታት ደግሞ ሌላውን አይገታም። ኮምፓይለሩ ፕሮግራሙ ከመነሳቱ በፊት ንባቦችን ሊያዋህድ፣ ከሉፕ ውጭ ሊያወጣ ወይም ጭራሹን ሊሰርዝ ይችላል። በሊነክስ ከርነል ውስጥ ሪድ ዋንስና ራይት ዋንስ የሚባሉት ማክሮዎች፣ በመሠረታቸው ቮላታይል የሆነ ንባብና ጽሕፈት ሲሆኑ፣ ኮምፓይለሩ ያንን ንባብ ወይም ጽሕፈት እንዳይሰርዝና እንዳይደግም ያስገድዱታል። ፕሮሰሰሩን ግን አያዙትም። ቮላታይል ብሎ መጻፍ በትሬዶች መካከል ቅደም ተከተል ያስከብራል ብሎ ማመን ለዚህ ነው ስሕተት የሚሆነው።

ፕሮግራሜ ላፕቶፔ ላይ በትክክል ይሠራል፤ ኤአርኤም ላይ ለምን ይበላሻል?

የኢንቴልና የኤኤምዲ ኤክስ86 ፕሮሰሰሮች ለተራ የሜሞሪ ሥራ ጥብቅ ናቸው። ሁለት ንባቦች ወይም ሁለት ጽሕፈቶች ቦታ ሲለዋወጡ አይታዩም፤ ከንባብ በኋላ የመጣ ጽሕፈትም ንባቡን አይቀድምም። የሚፈቀደው አንድ ልውውጥ ብቻ ነው፦ ከጽሕፈት በኋላ የመጣ የሌላ አድራሻ ንባብ ጽሕፈቱ ለሌሎች ከመታየቱ በፊት ሊፈጸም ይችላል፤ መነሻውም ከላይ የተጠቀሰው ስቶር በፈር ነው። ኤአርኤም፣ ፓወርና ሪስክ-ፋይቭ ግን ባሪየር (ቅደም ተከተልን የሚያስገድድ ትእዛዝ) ወይም ከታች የምናየው ጥገኝነት ካልከለከላቸው በስተቀር አራቱንም ዓይነት ልውውጥ ይፈቅዳሉ። አፕል በ2020 ባወጣው ኤም1 ውስጥ የኤክስ86ን ጥብቅ ቅደም ተከተል የሚያስከብር ልዩ ሁነታ የተካተተውም፣ ለኤክስ86 የተዘጋጁ ፕሮግራሞች ሮዜታ 2 በሚባለው የአፕል ተርጓሚ በኩል ሲሠሩ በየንባቡና በየጽሕፈቱ ባሪየር እንዳያስፈልግ ነው።

የራሴን ገጠመኝ ልጥቀስ። አንድ ጸሐፊና አንድ አንባቢ ያለው ወረፋ ሠርቼ ነበር። ጸሐፊው ዳታውን ካስቀመጠ በኋላ «ዝግጁ» የሚለውን ምልክት በሪሊዝ ጽሕፈት፣ ማለትም ከእሱ በፊት ያሉት ንባቦችና ጽሕፈቶች ከእሱ እንዳይዘገዩ በሚከለክል ጽሕፈት፣ ወደ 1 ይለውጣል፤ አንባቢው ደግሞ ይህን ያደርጋል፦

    ኢፍ (አንብብ(ዝግጁ) == 1)
        ውጤት = አንብብ(ዳታ);

ኮዱ በኢንቴል ላፕቶፕ ላይ ያለ እንከን ሠራ። በኤአርኤም ቦርድ ላይ ግን አልፎ አልፎ ምልክቱ 1 ሆኖ ሳለ የሚነበበው ዳታ አሮጌው ሆኖ ተገኘ። ቦርዱ ምንም ጥፋት አልነበረበትም፤ ኢፉ ሊሰጠኝ የማይችለውን ዋስትና የጠበቅሁት እኔ ነበርሁ።

የሁኔታ ጥገኝነት ምንድን ነው?

ባለሙያዎች ኮንትሮል ዲፔንደንሲ የሚሉት ነው። አንድ ዋጋ ከሜሞሪ ይነበባል፤ በተነበበው ዋጋ ላይ ተመሥርቶ ፕሮግራሙ ወደ አንዱ ቅርንጫፍ ይሄዳል፤ በቅርንጫፉም ውስጥ ሌላ የሜሞሪ ሥራ አለ። ሦስቱ ሲገጣጠሙ፣ ኋለኛው ሥራ በፊተኛው ንባብ ላይ የሁኔታ ጥገኝነት አለው ይባላል። የዳታ ጥገኝነት ከዚህ ይለያል፤ በዚያኛው የተነበበው ዋጋ ራሱ ወደሚጻፈው ዋጋ ስሌት ይገባል። በአድራሻ ጥገኝነት ደግሞ የተነበበው ዋጋ ቀጣዩ ሥራ የት አድራሻ ላይ እንደሚፈጸም ይወስናል። በሁኔታ ጥገኝነት ግን ዋጋው የሚወስነው ሥራው መፈጸም አለመፈጸሙን ብቻ ነው፤ ከሦስቱ ጥገኝነቶች በቀላሉ የሚበጠሰውም ይኸኛው ነው።

ጽሕፈትን የሚጠብቅ ከሆነ ንባብን ለምን አይጠብቅም?

የጉዳዩ ልብ ይህ ጥያቄ ስለሆነ ከላይ ያለውን የወረፋ ኮድ ይዘን ደረጃ በደረጃ እንመልከተው። አንባቢው ኮር «ዝግጁ» የሚለውን ለማንበብ ይጠይቃል፤ ዋጋው ግን በሌላ ኮር ካሽ ውስጥ ስላለ ይዘገያል። ኮሩ ወደ ኢፉ ሲደርስ መልሱን ገና አላገኘም። ስለዚህ ያለፈውን ልምድ መዝግቦ የሚይዘው የቅርንጫፍ ገማች «ብዙ ጊዜ ወደዚህ ነው የሚገባው» ይለዋል፣ ኮሩም ግምቱን አምኖ ወደ ቅርንጫፉ ይገባል። በዚያም ዳታውን እንዲያነብ የታዘዘውን ያገኛል፤ ዳታው በራሱ ካሽ ውስጥ ካለ ወዲያው ያነበዋል፤ የሚያነበውም አሮጌውን ዋጋ ነው። በዚህ መካከል ጸሐፊው አዲሱን ዳታ ያስቀምጣል፣ ቀጥሎም ምልክቱን 1 ያደርጋል። አሁን የዘገየው የምልክቱ ንባብ ሲደርስ 1 ሆኖ ይገኛል። ኮሩ ግምቱ ትክክል ነበርና የሚሰርዘው ነገር አይኖርም፤ አስቀድሞ ያነበበውን አሮጌ ዳታ እንደያዘ ይቀጥላል። ጸሐፊው ቅደም ተከተሉን በትክክል አክብሯል፣ አንባቢውም ኢፉን አክብሯል፤ ውጤቱ ግን የተሳሳተ ነው።

ጽሕፈት ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። በግምት የተነበበ ዋጋ ግምቱ ሲከሽፍ ማንም ሳያውቅ ሊጣል ይችላል። በግምት የተጻፈ ዋጋ ግን ለሌሎች ከታየ በኋላ ሊመለስ አይችልም፤ ሌላ ኮር አንብቦት በእሱ ላይ ተመሥርቶ ሌላ ሥራ ሠርቶ ሊሆን ይችላልና። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው ነው። ስለዚህ ፕሮሰሰሩ የቅርንጫፉ ሁኔታ እስኪረጋገጥ ድረስ ጽሕፈቱን ከኮሩ አያስወጣም፤ ሁኔታው የሚረጋገጠውም ንባቡ ሲጠናቀቅ ብቻ ስለሆነ ንባቡ ከጽሕፈቱ መቅደሙ የግድ ይሆናል። የኤአርኤም፣ የፓወርና የሪስክ-ፋይቭ የሜሞሪ ሞዴሎች ይህን ዋስትና በግልጽ ይሰጣሉ።

በጥር 2018 ይፋ የሆነው ስፔክተር የተባለው የደኅንነት ቀዳዳ ይህንኑ ልዩነት ከሌላ አቅጣጫ አሳይቶናል። የድርድር ወሰንን የሚያረጋግጥ ኢፍ ገና ሳይወሰን ኮሩ ከወሰን ውጭ ያለውን ዋጋ በግምት ያነባል፤ ንባቡ በኋላ ቢሰረዝም በካሽ ላይ የተወው አሻራ ምስጢሩን ያወጣል። ኢፍ ንባብን የሚያስቆም ቢሆን ኖሮ ያ ጥቃት በዚያ መልኩ ባልኖረም ነበር።

የወረፋው ኮድ የሚስተካከለው ምልክቱን በአኳየር ንባብ በማንበብ ነው። አኳየር ከእሱ በኋላ የተጻፉት ንባቦችም ሆኑ ጽሕፈቶች እንዳይቀድሙት ይከለክላል።

እንግዲያውስ በቅርንጫፍ ውስጥ ያለ ጽሕፈት ሁልጊዜ የተጠበቀ ነው?

ፕሮሰሰሩ የሚጠብቀው የደረሰውን የማሽን ኮድ እንጂ የእኛን ምንጭ ኮድ አይደለም። ኮምፓይለሩ ቅርንጫፉን ካጠፋው ፕሮሰሰሩ የሚጠብቀው ጥገኝነት አይኖርም። የሚከተለውን እንመልከት፦

    ቀ = ሪድ_ዋንስ(ሀ);
    ኢፍ (ቀ) {
        ራይት_ዋንስ(ለ, 1);
        አንዱን_ሥራ();
    } ኤልስ {
        ራይት_ዋንስ(ለ, 1);
        ሌላውን_ሥራ();
    }

ሁለቱም ቅርንጫፎች «ለ» ላይ 1 ይጽፋሉ። ኮምፓይለሩ ይህን ሲያይ የጋራውን ጽሕፈት ከኢፉ በላይ ያወጣዋል፤ ለአንድ ትሬድ ትርጉሙ አልተለወጠምና ይህን ማድረግ መብቱ ነው። የተገኘውን የማሽን ኮድ ገልጦ ማየት ብዙ ያስተምራል፦ ሀን የሚያነበው ኤልዲአር፣ ወዲያው ከሥሩ ለ ላይ የሚጽፈው ኤስቲአር፣ ከዚያም በኋላ ብቻ ዜሮ መሆኑን መርምሮ የሚዘልለው ሲቢዜድ ይመጣል። ጽሕፈቱ ከቅርንጫፉ በላይ ወጥቷል፤ ስለዚህ ኤአርኤም ጽሕፈቱን ከንባቡ ሊያስቀድመው ይፈቀድለታል። በየቅርንጫፉ መግቢያ ላይ የኮምፓይለር ባሪየር (ፕሮሰሰሩን ሳይሆን ኮምፓይለሩን ብቻ የሚገታ) ማስቀመጥ ጽሕፈቱን ከኢፉ በታች ያቆየዋል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ሁለቱም ቅርንጫፎች በዚያው ባሪየርና በዚያው ጽሕፈት ስለሚጀምሩ ኮምፓይለሩ ሁለቱንም አንድ ላይ ወደ ላይ ሊያወጣቸው ይችላል። በዚህ ዓይነት ኮድ ጽሕፈቱን ሪሊዝ ማድረግ ይሻላል።

ሁለተኛው ወጥመድ የበለጠ የተሰወረ ነው። ኢፉ «ቀ ለከፍተኛው ቁጥር ሲካፈል ቀሪ ካለው» የሚል ቢሆንና ከፍተኛው ቁጥር በአንድ ቅንብር ውስጥ 1 ሆኖ ቢገለጽ፣ ማንኛውም ቁጥር ለ1 ሲካፈል ቀሪው ዜሮ ስለሆነ ኮምፓይለሩ ኢፉን ከነጭራሹ ይሰርዘዋል። ጥገኝነቱ የጠፋው በሌላ ፋይል ውስጥ ባለ አንድ ቁጥር ምክንያት ነው፤ ኢፉን የጻፈው ሰው ያንን ፋይል ላይከፍተው ይችላል። በአመክንዮ ሁልጊዜ እውነት የሚሆን ሁኔታም እንዲሁ ይጠፋል።

ሦስተኛ፣ ጥገኝነቱ የሚዘረጋው በኢፉና በኤልሱ አካል ውስጥ ላሉት ጽሕፈቶች ብቻ ነው። ከመዝጊያው ቅንፍ በኋላ የተጻፈው ጽሕፈት እንደተጠበቀ አድርጎ መውሰድ አይገባም፤ ኮምፓይለሩ አጭሩን ኢፍ ቅርንጫፍ በሌለው የመምረጫ ትእዛዝ ሊተካው ይችላልና፣ ያን ጊዜ ለቀጣዩ ኮድ የሚደርስ ቅርንጫፍ አይኖርም።

ይህ ሥጋት በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። ለ64 ቢት ኤአርኤም የሚዘጋጀው ሊነክስ በሊንክ ጊዜ ማሻሻያ ሲገነባ፣ ኮምፓይለሩ መላውን ፕሮግራም በአንድ ላይ እያየ ጥገኝነቶችን እንዳይበጥስ ሲባል ሪድ ዋንስ ወደ አኳየር ንባብ ከፍ እንዲል ተደርጓል።

የሁኔታ ጥገኝነትን በእውነተኛ ሥራ ላይ የሚጠቀም አለ?

አለ፤ እኔ ከማውቃቸው ሁሉ ጥሩው ምሳሌ የሊነክስ ከርነል የፐርፍ ቀለበታዊ በፈር ነው። ከርነሉ የአፈጻጸም መለኪያ መዝገቦችን ከተጠቃሚው ፕሮግራም ጋር በሚጋራው ሜሞሪ ላይ ይጽፋል፤ የተጠቃሚው ፕሮግራም ደግሞ ያነባቸዋል። ከርነሉ እስከ የት እንደጻፈ የሚናገረው ጠቋሚ ራስ፣ አንባቢው እስከ የት አንብቦ እንደጨረሰ የሚናገረው ደግሞ ጭራ ይባላል።

ከርነሉ መዝገብ ከመጻፉ በፊት ጭራውን ያነባል፣ ነፃ ቦታ መኖሩንም ያረጋግጣል፤ ቦታ ካለ ብቻ ይጽፋል። እዚህ ላይ ሊደርስ የሚችለው ጥፋት፣ ጽሕፈቱ ከጭራው ንባብ ቀድሞ ከታየ አንባቢው ገና ያልጨረሰው መዝገብ መደምሰሱ ነው። በኮዱ ውስጥ ያለው ማብራሪያ በዚህ ቦታ ባሪየር እንደሌለና ሁለቱን የሚለያቸው የሁኔታ ጥገኝነት መሆኑን በግልጽ ያስቀምጣል፤ ሥራው ንባብ፣ ቅርንጫፍና ጽሕፈት ነውና ፕሮሰሰሩ ራሱ ያስከብረዋል። ይህ ኮድ እያንዳንዱ ክስተት በተመዘገበ ቁጥር፣ ሊታገድ በማይችል የሃርድዌር ማቋረጫ (ኢንተራፕት) ውስጥ ጭምር ስለሚሠራ፣ አንድ ባሪየር መቆጠቡ ትርጉም አለው።

ቀሪዎቹ ሦስት ቦታዎች ግን በጥገኝነት አልታለፉም። ከርነሉ መዝገቡን ጽፎ የራስ ጠቋሚውን ከማሳደጉ በፊት የጽሕፈት ባሪየር ያስቀምጣል፣ ሁለቱም ጽሕፈቶች ናቸውና። አንባቢው የራስ ጠቋሚውን ካነበበ በኋላ መዝገቡን ከማንበቡ በፊት የንባብ ባሪየር ያስፈልገዋል፤ በእኔ ወረፋ ውስጥ የጎደለው ይኸኛው ነበር። አንብቦ ጨርሶ ጭራውን ከመጻፉ በፊት ደግሞ የኮዱ ማብራሪያ ሙሉ ባሪየር ይጠይቃል፤ ንባብንና ጽሕፈትን የሚለይ ቦታ ሆኖ ሳለ በመካከላቸው የሚያስተማምን ጥገኝነት የለምና። አራቱን ቦታዎች አንድ በአንድ እየጠየቀ የሚያነብ ሰው ስለ ሜሞሪ ቅደም ተከተል ከረጅም ትምህርት የማይተናነስ ነገር ያገኛል።

የሲና የሲ++ መስፈርቶች ይህን ጥገኝነት ያውቁታል?

አያውቁትም። በ2011 የወጡት መስፈርቶች ሪላክስድ፣ ኮንስዩም፣ አኳየር፣ ሪሊዝና ሌሎችንም ደረጃዎች አስተዋውቀዋል፤ ቅደም ተከተል በማያስከብረው በሪላክስድ ንባብ ላይ የተመሠረተ ኢፍ ግን ለቅርንጫፉ ጽሕፈት ቅደም ተከተል ይሰጣል የሚል አንቀጽ የለም። ከርነሉ በሁኔታ ጥገኝነት ሊጠቀም የቻለው የራሱ የሜሞሪ ሞዴል ስላለውና የሚገነቡትን ኮምፓይለሮች ጠባይ አዘጋጆቹ በቅርብ ስለሚከታተሉ ነው።

መስፈርቱ ጥገኝነትን ለመያዝ አንድ ጊዜ ሞክሮ ነበር። ኮንስዩም የዳታና የአድራሻ ጥገኝነትን ብቻ እንዲሸፍን የታሰበ ነበር፤ ኮምፓይለሮቹ ግን ጥገኝነቱን መከታተል ስለከበዳቸው እንደ አኳየር አድርገው ተረጎሙት፣ ሲ++17ም አጠቃቀሙን በጊዜያዊነት እንዳይመከር አደረገ። የአድራሻ ጥገኝነት በሃርድዌር ደረጃ ንባብንም ይጠብቃል፤ ዲኢሲ አልፋ የተባለው የቀድሞ ፕሮሰሰር ብቻ ይህን እንኳ ባለማክበሩ ይታወቃል፤ ለእሱ ሲባል በሊነክስ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ልዩ ባሪየር ነበር።

ሦስት ትሬዶች ቢሆኑስ?

የሁኔታ ጥገኝነት የሚያስከብረው በአንድ ትሬድ ውስጥ ያለን ንባብና ጽሕፈት ብቻ ነው። አንደኛው ትሬድ የጻፈውን ሁለተኛው አይቶ ሌላ ነገር ቢጽፍ፣ ሦስተኛው የሁለተኛውን ካየ የአንደኛውንም ያያል ብሎ በጥገኝነት ብቻ መተማመን አይቻልም። ሪሊዝና አኳየር ይህን ሰንሰለት ያስከብራሉ።

በመጨረሻ የትኛውን ልጠቀም?

አኳየርንና ሪሊዝን። በኤክስ86 ላይ ተራው ንባብ በራሱ አኳየር ስለሆነ ተጨማሪ ትእዛዝ አይጠይቅም፤ ኮምፓይለሩ ማስቀደም እንዳይችል ብቻ ይገታዋል። በ64 ቢት ኤአርኤም ደግሞ ኤልዲኤአርና ኤስቲኤልአር የሚባሉ ለዚሁ የተሰናዱ ትእዛዞች አሉ፤ ከሙሉ ባሪየር ይቀልላሉ። በሁኔታ ጥገኝነት መጠቀም የሚገባው የአኳየሩ ዋጋ በልኬት ከታየ፣ ከኢፉ በኋላ የሚጠበቀው ጽሕፈት ብቻ ከሆነ፣ እንዲሁም ኮድ በተለወጠ ቁጥር የማሽን ኮዱን ለመመርመር የሚተጋ ሰው ካለ ነው። ያን ጊዜም ከኢፉ በላይ ለምን ባሪየር እንደሌለ የሚናገር ማብራሪያ ይጻፍ፤ ያለዚያ በኋላ የሚመጣ ጠንቃቃ ሰው ኢፉን ትርፍ መስሎት ያነሳዋል።

ትክክል መሆኑን እንዴት ላረጋግጥ?

ደጋግሞ ማስኬድ ስሕተት መኖሩን ሊያሳይ ይችላል፣ አለመኖሩን ግን አያረጋግጥም። ትሬድ ሳኒታይዘር፣ በትሬዶች መካከል የሚፈጠርን የዳታ ግጭት የሚያድን፣ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ይሁንና የሚፈርደው በሲ++ ሕግ ስለሆነ በሁኔታ ጥገኝነት ብቻ የተጠበቀን ተራ ዳታ እንደ ግጭት ይቆጥረዋል። ለከርነል ዓይነት ኮድ የሚስማማው ኸርድ የተባለው መሣሪያ ነው፤ በ2018 ከከርነሉ ምንጭ ኮድ ጋር የተካተተውን የሊነክስ ሜሞሪ ሞዴል ተቀብሎ፣ ለአንድ ትንሽ የሙከራ ፕሮግራም የሚፈቀዱትን ውጤቶች በሙሉ ይዘረዝራል። በዚህች መጀመር ይቻላል፤ ሀ እና ለ ሲነሱ ዜሮ ናቸው፦

    ትሬድ 1፦  ቀ1 = ሪድ_ዋንስ(ሀ);  ኢፍ (ቀ1)  ራይት_ዋንስ(ለ, 1);
    ትሬድ 2፦  ቀ2 = ሪድ_ዋንስ(ለ);  ኢፍ (ቀ2)  ራይት_ዋንስ(ሀ, 1);

ጥያቄው ቀ1 እና ቀ2 ሁለቱም 1 ሊሆኑ ይችላሉ ወይ የሚል ነው። ኸርድ በሊነክስ ሞዴል «በፍጹም» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱን ኢፎች አንስቶ ጽሕፈቶቹን ያለ ሁኔታ ሲተዋቸው ግን መልሱ ወደ «አንዳንድ ጊዜ» ይቀየራል።